የቆቦው ሬዲዮ ጠጋኝ

ቆቦ ገበያ ያለው ሬዲዮ ጠጋኝ ተገደለ ሲሉኝ፣ ጎብዬ ከተማ፣ ቤቴ ደጅ ላይ ማሽላ እያበጠርኩ ነበር።

ስሙን አላውቅም። ያረጀ ባትሪ ፀሐይ ላይ ያሰጣል፤ የሬዲዮ አቧራ በዶሮ ላባ ይጠርጋል። «ሲገዙ የጥልፍ ልብሱን ገልጠው ይዩት እናቴ፤ ሬዲዮ እንደ ሙሽራ ተሸፍኖ አይወሰድም» ይለኝ ነበር። ጠግኖ ሲመልስ ሁልጊዜ መርፌውን ከአማፂያኑ ጣቢያ ያርቃል። ለምን ሲሉት፣ የወታደር ሰደፍ የሰበራቸውን ጣቶቹን ያሳያል።

ትናንት ወታደሮች ጠረጴዛው ላይ ያገኙትን ሬዲዮ ከፈቱ። ለጽዳት የተውኩለት የሟች ልጄ ሬዲዮ ነው፤ መርፌው ልጄ እንዳቆመው ነበር። የአማፂያኑ ድምፅ ወጣ።

«የማን ነው?»

«የራሴ» አለ።

እዚያው በጥይት ደበደቡት። ሬሳው እንዳይነሳ ከልክለዋል። እስካሁን አልቀበርነውም።