ከአቡጀዲው ጀርባ

ሞኒተሩን ያገኘሁት ከተዘጋ ፎቶ ቤት ነው። ባለቤቱ ዕቃውን ጭኖ ወደ ደሴ ሲሄድ፣ ስልክ ከምጠግንባት ጠረጴዛ ሥር አስቀመጠልኝና «ለመለዋወጫ ይሁንሽ» አለኝ። ሲሰካ ትንሿ አረንጓዴ መብራት ትበራለች፤ ስክሪኑ ግን ጨለማ ነው። ለወራት እግሬን ሳሳርፍበት ኖርኩ። አንድ ቀን ከሰዓት፣ የቆቦ ፀሐይ ሰውን ሁሉ ከአስፋልቱ ባባረረችበት ሰዓት፣ ሥራም ግጥምም እምቢ ሲለኝ፣ ከዲሽ ሪሲቨር ጋር አገናኘሁትና በስልኬ ባትሪ አበራሁበት። ከጥቁሩ ውስጥ፣ በደፈረሰ ውኃ ሥር እንዳለ ዓሣ፣ አንድ ሰውዬ ዜና ያነባል። ምስሉ አልሞተም ነበር። የሞተው ከጀርባው ያለው መብራት ነው።

ሌላ መብራት ከሰጠሁት ምስሉ ግድግዳ ላይ ሊወጣ ይችላል ብዬ አሰብኩ። ይህን ሳስብ ደግሞ ወዲያው የመጡብኝ እማማ ናቸው።

እማማ የምላቸው ግድግዳ የምንጋራቸው ጎረቤታችን ናቸው። ልጃቸውና እኔ አብረን ነው ያደግነው። በረመዳን ማታ ማታ የእነሱ ሾርባ ላይ አልጠፋም ነበር፤ በፋሲካ እሷ የእኛ ዳቦ ላይ አትጠፋም። አረብ አገር ሄዳ ቆየችና እዚያው አንድ የወሎ ልጅ አገባች። ለኒካው ወንድሟ በስልክ ፈቃዱን ሰጠ። እናቲቱ ግን ምርቃታቸውን ያዙ። «ያላየሁትን ሰርግ አልመርቅም» አሉ። ቪዲዮው በስልክ መጥቷል፤ ነገር ግን ዓይናቸውን ሞራ ስለጋረደው ከስልኩ ላይ የሚታያቸው ብልጭ ድርግም የሚል ብርሃን ብቻ ነው። በየጁምዓው ልጅቱ ትደውላለች።

«እማ፣ መርቂኝ።»

«ሳይሽ።»

ከዚህ በላይ አያወሩም። አሁን ደግሞ ልጅቱ ነፍሰ ጡር ሆናለች። ለእኔ የድምፅ መልእክት ላከችልኝ፦ «ሳትመርቀኝ መውለድ ፈርቻለሁ። አንች መላ አታመጭም?» ይላል። መላ አላውቅም ነበር። ብሎን መፍታት ግን አውቃለሁ።

ሞኒተሩን በወንድሟ ባጃጅ ወደ እማማ ግቢ ወሰድነውና ዛፍ ጥላ ሥር ፈታሁት። ብሎኖቹ ጥቂት ናቸው፤ የሚያስቸግረው ዙሪያውን የነከሰው ፕላስቲክ ነው። በጥፍሬ እየሄድኩበት ቀጭ፣ ቀጭ እያለ ተላቀቀ። ወንድምየው የባጃጁ ወንበር ላይ ተንጋልሎ ያየኛል።

«ግጥሙ ገዢ ሲያጣ ቲቪ ማረድ ጀመረች» አለ።

«ከመተኛት ይሻላል።»

«እኔ ተሳፋሪ እየጠበቅሁ ነው።»

«ግቢ ውስጥ?»

ከቆርቆሮው ሽፋን ቀጥሎ እንደ ወረቀት የሳሱ ነጫጭ ላስቲኮች ወጡ፤ ከእነሱ ቀጥሎ ወፍራም ብርጭቆ መሳይ ፕላስቲክ። እነዚህን ሁሉ ወደ ጎን አደረግኩ። የቀረኝ ስክሪኑ ራሱ ነው፤ ጥቁር መነጽር የመሰለ ስስ መስታወት፣ ከታች በኩል ከቦርዱ ጋር በቀጫጭን ሪባን የተያያዘ። አንዱ ሪባን ቢበጠስ ነገሩ ሁሉ ያልቃል። እንደ አራስ ልጅ በሁለት እጄ ይዤ ስነሳ ወንድምየው ከወንበሩ ወርዶ መንገድ ለቀቀልኝ።

ሌንሶቹን ትምህርት ቤት ከጣለው አሮጌ ፕሮጀክተር ውስጥ አወጣሁ። ሳጥኑን ከኮምፖርሳቶ ራሴ መታሁት። ለመብራቱ ሮቢት ከተማ ያለ የሰርግ ዳስ የሚያከራይ ሰው ፓውዛ አዋሰኝ። ፓውዛው ከኋላ፣ ስክሪኑ መሀል ላይ፣ ክቡ ሌንስ ከፊት ሆነ። ስክሪኑን ሳጥኑ ውስጥ ሳቆም ፊቱን ወደ ፊት፣ ወደ ተመልካቹ አዞርኩት። ማንም ሰው ቴሌቪዥን ሲያስቀምጥ እንደዚያ ነው የሚያስቀምጠው።

በመጀመሪያው ሙከራ ወንድምየው ከስልኩ ውስጥ የአባቱን የማሽላ ማሳ ፎቶ ሰጠኝ። ግድግዳው ላይ ማሽላው በራሱ ቆመ፤ ሰማዩ ከታች፣ መሬቱ ከላይ።

«የዘንድሮ ምርት ወደ ሰማይ ነው የሚወርደው» ብሎ ሳቀብኝ።

ሌንስ ምስል እንደሚገለብጥ አንብቤ ነበር። ስለዚህ ስክሪኑን እንደ መኪና መሪ አዞርኩት፤ ላዩ ታች፣ ታቹ ላይ ሆነ። ማሽላው ተስተካክሎ ቆመ። ደስ አለኝ። ማሽላ ግራም ቀኝም የለውም። ያን ቀን ፎቶ ትቼ አንድ መስመር ግጥም አሳይቼ ቢሆን ኖሮ ስህተቱን ወዲያው አየው ነበር። ሌላ ጊዜ የአገሩን ካርቶን ሁሉ በግጥም የምሞላው እኔ ያን ቀን ፊደል አላማረኝም።

ትልቁ ችግር የመሰለኝ ሙቀት ነበር። ፓውዛው ሲቆይ ስክሪኑ መሀል ላይ ጥቁር ነጥብ ይወጣና እንደ ፈሰሰ ቀለም ይሰፋል። ሲቀዘቅዝ ይመለሳል። ቆቦ ላይ ደግሞ ምን ይቀዘቅዛል? «አንተ ታራግባለህ» አልኩት ወንድምየውን።

«ለሙሽራ እንጂ ለመስታወት አራግቤ አላውቅም።»

«ሙሽራዋ እኮ ውስጡ ናት።»

ማራገቢያውን ከእጄ ተቀበለ።

ጁምዓ ዕለት እማማ መግሪብ ሰግደው እንደጨረሱ አቡጀዲ ከቤቱ ወጋግራ ወደ ዛፉ ወጠርን። የወጡት በልጃቸው ሰርግ ለመልበስ አሰፍተውት የነበረውን ቀሚስ ለብሰው ነው። ፊት ለፊት አስቀመጥኳቸው፤ «ቢስሚላህ» አሉና ነጠላቸውን ከጆሯቸው ገለጥ አደረጉ፣ በጆሮም የሚያዩ ይመስል።

ልጅቱ አቡጀዲው ላይ ወጣች። ፊቷ የበሩን ያህል ነው። ቀለሙ ደብዝዟል፣ ጠርዙ ይጨልማል፤ ግን እሷ ናት።

«ያ አላህ» አሉ እማማ። «ከስታለች።»

«እማ፣ ያኔ ነው። አሁን ወፍራለች» አለ ወንድምየው ከማራገቢያው ጀርባ።

«ዝም በል፣ አራግብ። እሱ ነው ባሏ? አጠር አለብኝ።»

«ተቀምጦ እኮ ነው።»

ሳቅን። እማማም ሳቁ። ነገሩ የሚያምር መሰለኝ፤ በልቤ የምርቃቱን ድምፅ ለመቅዳት ስልኬን ማሰናዳት ጀምሬ ነበር። ምግቡ ቀረበ። ልጅቱ እጇን ወደ ትሪው ሰደደች፣ ጠቀለለችና ባሏን አጎረሰችው።

የእማማ ሳቅ ቆመ።

«በግራዋ ነው?»

ባልየውም በተራው አጎረሳት። በግራው። ሚዜዎቹም፣ የተጠሩትም ሰዎች፣ ሁሉም በግራቸው ይበላሉ።

«በግራ እጅ ማን ያጎርሳል? ሸይጣን ነው በግራው የሚበላ። እኔ ይህን አላስተማርኳትም።» ድምፃቸው አልጮኸም፤ ያስፈራኝም እሱ ነው። «ፈርቼ ነበር እኮ። አገሩ ቀየረብኝ። የኔ ልጅ አይደለችም ይህች» ብለው መሬቱን ተደግፈው ለመነሳት ሞከሩ።

ያን ጊዜ ነው የገባኝ። ስክሪኑን እንደ መሪ ማዞር አልነበረብኝም፤ እንደ ቂጣ መገልበጥ ነበረብኝ፤ ፊቱ ወደ መብራቱ እንዲዞር። ላይና ታቹን ሳስተካክል ግራና ቀኙን አዛብቼዋለሁ።

«እማማ፣ እጇ አይደለም። ስህተቱ የኔ ነው። መስታወቱን አዙሬ አቁሜው ነው» አልኩ።

«እሷን ለመሸሸግ ብለሽ ነው።»

«ወላሂ በያት፣ ታምንሻለች» አለኝ ወንድምየው በሹክሹክታ። እኔ ክርስቲያን ነኝ፤ እሱም ያውቃል።

አውጥቼ ልገልብጠው አልኩና ሪባኖቹን አየኋቸው። ፓውዛው አግሏቸዋል፤ በችኮላ ብነካቸው ይበጠሳሉ። ከሳጥኑ ላይ ዓይኔን ሳነሳ አቡጀዲው ላይ አረፈ። ስስ ነው፤ ብርሃኑ አልፎት ከወዲያ ያለውን የግቢ አጥር ይነካል።

ቪዲዮውን ወደ ጉርሻው መለስኩትና እጃቸውን ያዝኩ። «እማማ፣ ከጨርቁ ወዲያ ይምጡልኝ። እዚያ አይተው ካልሆነ ይቆጡኝ።»

ወዲያ ማዶ መቀመጫ አልነበረም፤ ቆሙ። ልጅቱ እጇን ሰደደች፣ ጠቀለለች፣ አጎረሰች። በቀኟ።

«ከዚያ ግራ ነበር» አሉ እማማ። «ከዚህ ቀኝ ሆነ። የቱን ልመን?»

ጥያቄው ትክክል ነበር። ለማስረዳት አፌን ከፈትኩና ስለ ሌንስ ማውራቱ ከንቱ እንደሆነ ገባኝ። ከዚያ ቅንድቧ ትዝ አለኝ። ልጆች ሆነን ማሽላ ስንጠብቅ ከማማው ላይ ስንጋፋ ወድቃ ቅንድቧን ተሰንጥቃለች። ቁስሉን ያጠቡት እማማ ናቸው።

«ጠባሳዋ በየት በኩል ነበር?»

«በቀኝ። ያንች ሥራ አይደል?» አሉ ሳያስቡ።

ፊቷ ተጠግቶ የሚታይበት ላይ ቪዲዮውን አቆምኩት። እማማ ወደ ጨርቁ ቀረቡና እጃቸውን ዘርግተው ቅንድቧን በጣታቸው ዳበሱ። ጠባሳው የጣት ርዝመት ያህል ሆኖ በቀኝ በኩል ተጋድሟል፤ ብርሃኑ በእሳቸውም ፊት ላይ አርፏል። ከጨርቁ በወዲያኛው በኩል ወንድምየው፣ «ኧረ እየጠቆረ ነው! እጄ ዝሏል!» ብሎ ጮኸ። እውነትም ጥቁሩ ነጥብ ከአገጯ ጀምሮ መስፋት ጀምሯል።

«ተወው፣ አየኋት» አሉ እማማ።

ሁለት እጃቸውን ከደረታቸው ፊት ዘረጉ። ስልኬን አቀረብኩላቸው።

«ልጄ፣ ግራሽም ቀኝሽም ይባረክ። ያጎረስሽው አይክዳሽ። ማህፀንሽ በሰላም ይፈታ፤ የምትወልጅውን እኔ ልቀፈው፣ አንችን ደግሞ እሱ ይጡርሽ። ዓይኔ ያላየውን አላህ ያይልሽ።»

«አሚን» አልኩ። ከጨርቁ ወዲያም «አሚን» ተባለ፤ ማራገቢያው ሲወድቅም ሰማሁ። ምስሉ በዚያ ጊዜ ጠቁሮ ነበር፤ እማማ ግን እጃቸውን ሳያወርዱ ጨርቁን ማየታቸውን ቀጠሉ።

ድምፁን ላክሁላት። መስማቷን የሚያሳየው ምልክት ወዲያው ሰማያዊ ሆነ። የላከችው መልስ ልቅሶና ሳቅ የተቀላቀለበት ነው፤ ከመሀሉ የተሰማኝ አንድ ጥያቄ ብቻ ነው። «ቀሚሱን ለብሳው ነበር?»

ለብሰውታል ብዬ መለስኩላት።