ሸክላውን ለልጄ

ላምባ ሲሸተኝ ቀኝ እጄ ሳላዘው መዞር ይጀምራል። ባለፈው ሳምንት መብራት ጠፍቶ ጎረቤቴ ያረጀ ፋኖሷን ስትለኩስ ሽታው አጥር ተሻግሮ መጣ። የማነበውን አስቀምጬ እጄን ባየው፣ ለካ አየር ላይ የግራሞፎን ማዞሪያ እያዞርኩ ነው። ልጆቼ ቢያዩኝ "እማን ጀመራት" ይሉ ነበር። እነሱ የለመዱት ነገር ነው፤ እናንተ ግን አታውቁትምና ከመነሻው ልንገራችሁ።

የአጎቴ ዕቃ ቤት የሚሸተው እንዲህ ነበር፤ ላምባ፣ የሞተር ዘይት፣ ደግሞም የሞቀ ብረት። ዘመኑ የደርግ ነው። ከእብናት ወደ ደብረ ታቦር ለሁለተኛ ደረጃ ትምህርት መጥቼ የተቀመጥኩት እሱ ቤት ነው። የአባቴ ታላቅ ወንድም ሲሆን፣ ከገሳይ እስከ ይፋግ ወፍጮ በቆመ ቁጥር የሚጠራ የሞተር ጠጋኝ ነበር። እሱና ሚስቱ ልጅ አልወለዱም። እሱን ጋሼ፣ እሷን እትዬ እላቸው ነበር፤ እንደ ወላጆቼም አንተና አንቺ ነበር የምላቸው። ያገራችን ሰው ለታላቅ አንቱ ማለትን እንዴት እንደሚያጠብቅ ታውቃላችሁ፤ እነሱ ግን እሺ አላሉኝም።

ሹም ሲሻር፣ የአንዱ ቤት ሲወረስ፣ ነጋዴው ጓዙን ጠቅልሎ ሲነቅል ጥሎት የሚሄደውን አሮጌ መሣሪያ አጎቴ እየለመነ፣ አንዳንዴም በጥገና እየለወጠ ይሰበስብ ነበር። በላምባ የሚሠራ ማቀዝቀዣ ነበረው። ጡብ የሚያካክሉ ባትሪዎች የሚጎርሱ ትልልቅ ራዲዮኖች ነበሩት። የከሰል ካውያ፣ ሲቀጣጠል እንደ ንብ የሚያጉረመርም የማሾ ፋኖስ፣ በእግር የሚረገጥ የስፌት መኪና፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ጥሩምባው አፉን የከፈተ ግራሞፎን። ሐሙስ ሐሙስ አንድ በአንድ ያስነሳቸዋል። "ብረት ሥራ ከፈታ ይታመማል" ይላል፤ ለእኔ እንኳ ስታመም እንደዚያ አይጨነቅም።

እትዬ "መቃብር ቤትህ" እያለች ታሾፍበት ነበር። የግራሞፎኑን ዘፈን የያዙትን ክብ ጥቋቁር ነገሮች ደግሞ "ጥቁሩ እንጀራ" አለቻቸው። "አይበላ፣ አይጠገብ፣ ጥቁሩ እንጀራህ።" አጎቴ ቀልዱ ጣፈጠውና ስሙን ወረሰላት። "ልጄ፣ ጥቁሩን እንጀራ አቅርቢልን" ይለኛል፤ እኔ ከአልጋ ሥር ካለው ሣጥን አውጥቼ እጭናለሁ፣ ማዞሪያውን እጠመዝዛለሁ። መርፌው ሲነካው መጀመሪያ የሚሰማው የተቆላ ገብስ ድምፅ ነው። ዘፈኑ ቀስ ብሎ ከዚያ መካከል ይወጣል። ቤታችን ውስጥ ጥቁሩ እንጀራ ሌላ ስም ኖሮት አያውቅም።

መስቀል ባለፈ ማግስት አጎቴ ታመመ። ሞትን እንደ ወፍጮ ሞተር ድምፁን ሰምቶ የሚያውቀው ይመስል፣ ገና ሳይደክም "የነፍስ አባቴን ጥሩልኝ" አለ። የነፍስ አባቱ የቅኔ መምህር ናቸው፤ የኔታ እንላቸው ነበር። ደግ ሰው ነበሩ፤ አንድ ልማድ ብቻ ነበረባቸው። ዕድሜያቸውን ሙሉ መጽሐፍ ሲተረጉሙ ስለኖሩ ማንኛውንም ቃል ያለ ማብራሪያ አያሳልፉም። "እንደምን አደራችሁ" ብለው ትንሽ ይቆዩና "በነፍስም በሥጋም ሲል ነው" ብለው የሚጨምሩ ሰው ናቸው። እኛን ከክፍሉ አስወጥተው ኑዛዜውን ለብቻቸው ተቀበሉ። አጎቴ በሦስተኛው ቀን አረፈ።

ለተዝካሩ እትዬ ከእናቷ ቤት ስትዳር ይዛቸው በመጣች ሦስት ጋኖች ጠላ ጠመቀች። እነዚያ ጋኖች መተዳደሪያዋ ነበሩ፤ አጎቴ ወፍጮ ሳይገጥመው ሲቀር ቤቱን የምታቆመው ጠላ እየሸጠች ነው። ሰው በልቶ ጠጥቶ ሲያበቃ የኔታ መቋሚያቸውን ተደግፈው ተነሡ።

"ሟች እንዲህ ሲል ተናዟል" አሉ። "መሣሪያዬ ሁሉ ለሚሠራበት ሰው ይሰጥ። ሸክላዬን ግን ለልጄ። ልጄ ሲል የወንድሙን ልጅ ነው። ሸክላ ሲል ጋኑን፣ እንስራውን፣ ማሰሮውን ነው። ይህን ቃል ማንም እንዳያጥፍ በግዝት አስሬዋለሁ።"

ከእሳቸው ማብራሪያ በኋላ ማን ሌላ ፍቺ ይፈልጋል? ሰው ሁሉ መጀመሪያ ወደ ጋኖቹ፣ ቀጥሎ ወደ እኔ፣ መጨረሻ ላይ ወደ እትዬ ዞረ። እትዬ በእጇ የያዘችውን ዋንጫ ቀስ ብላ መሬት ላይ አስቀመጠች።

በማግስቱ ጥቁር ልብሷን አወለቀች። ባል ቀብሮ በአርባ ቀኑ ሐዘን ማውለቅ ባገራችን ምን እንደሚያስብል ይገባችኋል። ምንጭ ወርዳ ለጎረቤታችን ስትነግራት ሰማሁ። "ስላልወለድኩለት ነው። ሃያ ዓመት አብሬው ኖሬ በመጨረሻው ትንፋሹ ለደሙ አደላ። ምን አድርጌው ነው ጋኖቼን የሚነጥቀኝ?" ድምፅዋ የሚያለቅስ ሰው ድምፅ አልነበረም። ብታለቅስ ይሻለኝ ነበር።

የኔታ ዘንድ ሄጄ ጋኑን አልፈልግም አልኳቸው። "ተይ ልጄ" አሉኝ፤ "አልወስድም ማለትም ማጠፍ ነው፤ ግዝት አለበት።" ተመልሼ ስመጣ እትዬ በር ላይ ቆማ ጠበቀችኝ። አንገቷን ሰበር አድርጋ "እሜቴ፣ እንስራዎን ቢያውሱኝ ውኃ ልቅዳበት" አለችኝ። አንቱ አለችኝ። የአሥራ ሰባት ዓመት ልጅን አንቱ አለችኝ። በዱላ ብትመታኝ እንደዚያ ቃል አያመኝም ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጋኖቹን አልነካቻቸውም፤ ጓሮ ተደርድረው ደረቁ፤ ጠላዋም ቆመ። ለእኔ ምግብ ስታቀርብ "ይብሉ" ትለኛለች። ወደ እብናት ልመለስ ብዬ ደብተሬን ጠቅልዬ ነበር፤ ግን ጥያት ብሄድ እውነትም ቀማኛ መሆኔ ነው ብዬ ተውኩት።

በዚህ መሐል ሁለት ሽማግሌዎች መጥተው ዕቃውን ማከፋፈል ጀመሩ። ማቀዝቀዣው ለጤና ጣቢያው ተሰጠ። አራት ሰዎች በቃሬዛ ተሸክመውት ሲሄዱ መንገደኛው ሁሉ ነጠላውን እያስተካከለ "እግዜር ይማረው፣ ማነው የታመመው?" ይላል። ጤና ረዳቱ በር ላይ ተቀብሎ በመዳፉ ሲዳብሰው ሕፃን የታቀፈ ይመስል ነበር፤ ለካ የክትባት መድኃኒት የሚያቆይበት አጥቶ ሲቸገር ነው የከረመው። ዛሬም ያገሬን ጎረምሳ ክንዱ ላይ የክትባት ጠባሳ ሳይበት "ይሄ የአጎቴ ማቀዝቀዣ ይሆን?" እላለሁ። ማሾው መሠረተ ትምህርት ወደሚያስተምሩበት አዳራሽ ሄደ፤ አዛውንቶች በእሱ ብርሃን ፊደል ቆጠሩበት። የስፌት መኪናውን ባሏ የዘመተባት ሴት ወሰደችው። አንዱን ራዲዮን የገሳይ ገበሬዎች ወሰዱት። አጎቴ በሕይወቱ ሳለ ከሐሙስ ሐሙስ ሌላ ሥራ ያልነበራቸው መሣሪያዎች እሱ ሲሞት የዕለት ሥራ አገኙ። ለሚሠራበት ይሰጥ ማለቱን አሁን ሳስበው ልቤን ደስ ይለዋል። ያኔ ግን አንዱ በወጣ ቁጥር እትዬ ደጃፍ ተቀምጣ ዞር እንኳ ሳትል ታሳልፈዋለች።

የቀረው ግራሞፎኑ ነበር። ሽማግሌዎቹ "ዘፈን ለዘፈን ቤት" ብለው ከገበያው በላይ ጠጅ ቤት ላላት ሴትዮ ሰጡት። ሴትዮዋ አንድ ቅዳሜ ረፋድ ላይ ተሸካሚ ይዛ መጣች፤ ድምፅዋ ከእሷ ቀድሞ የሚገባ ሳቂታ ሴት ነበረች። ጥሩምባውን ዳበሰች፣ ማዞሪያውን ሞከረች፣ ዙሪያውን አየችና "መኪናው ደህና ነው። ሸክላውስ?" አለች።

እትዬ ከተቀመጠችበት ሳትነሣ "ሸክላው የእሜቴ ነው፤ እሳቸውን ጠይቂ" አለች፣ በአገጯ ወደ እኔ እየጠቆመች። "ጓሮ ተደርድሮልሻል።"

"ጓሮ? በዚህ ፀሐይ? ይጣመማል እኮ።"

"ጋን በፀሐይ ይጣመማል?"

"የምን ጋን አመጣሽብኝ፣ እቴ? ሸክላውን ነው የምልሽ። ዘፈኑ ያለበትን፣ ጥቁሩን፣ ክቡን።"

ተሸካሚው እንኳ ገመዱን መፍታት አቆመ። እትዬ ወደ እኔ ዞረች፤ ከተዝካሩ ወዲህ ዓይኔን ስታየኝ የመጀመሪያዋ ነበር። "ጥቁሩ እንጀራ ነው ሸክላ የሚባለው?" አለች፣ ለማንም ሳይሆን።

"አገሩ ሁሉ የሚለው እንደዚያ ነው" አለች ሴትዮዋ።

ያኔ ነገሩ ገባኝ። አጎቴ በመጨረሻው ሰዓት፣ በየኔታ ፊት፣ "ጥቁሩን እንጀራ" ማለት አፍሮ ነው። ለቄስ የሚመጥን ጨዋ ቃል ፈልጎ፣ የከተማው ሰው የሚለውን ሸክላ አለላቸው። የኔታ ደግሞ ዘፈን ቤት ደጃፍ ረግጠው አያውቁም።

ሴትዮዋ ነገሩን ስትሰማ ግራሞፎኑን ራሷ አንሥታ ወደ ቦታው መለሰችው። "የሙት ቃል ያለበትን ዕቃ ቤቴ አላስገባም" አለች፤ ወዲያው ደግሞ ሳቋ መጣና "ሸክላ የሌለው መኪናስ ጥርስ የሌለው አፍ አይደል፣ ምን ያደርግልኛል?" ብላ ተሸካሚዋን አስከትላ ሄደች። ያቺን ሴት እስከ ዛሬ አመሰግናታለሁ። ጠይቃ ባትሆን ኖሮ ያ ቤት እንደዚያ እንደ ቀዘቀዘ ይቀር ነበር።

እትዬ ነጠላዋን አጣፋች። እኔ ከሣጥኑ አንዱን ሸክላ አወጣሁና ተያይዘን ቤተ ክርስቲያኑ ጓሮ ካለው ጉባኤ ቤት ሄድን። የኔታ ከዛፍ ሥር ተማሪዎቻቸው ከብበዋቸው ቅኔ ይነግሩ ነበር። ሸክላውን ተቀብለው የቁርባን ኅብስት እንደሚቀርብበት ጻሕል በሁለት እጃቸው ያዙት፣ ገለበጡት፣ ጠርዙን ዳሰሱት።

"ምንድር ነው ይኼ?"

"ሸክላ ነው የኔታ" አለች እትዬ። "ጋሼ ለልጁ የተናዘዘላት።"

የኔታ ጋቢያቸው እስኪርገበገብ ሳቁ፤ ሳቃቸው ሲያልቅ ዓይናቸው እርጥብ ነበር። "አንድ ቃል ሁለት ፍቺ አለው እያልኩ ስንቱን ተማሪ በዱላ ስመታ ኖሬ" አሉ። "ኅብረ ቃል መጥቶ ከደጄ ቆመ፣ እኔ ግን በሩን ዘጋሁበት። ጋንሽ የራስሽ ነው ልጄ፤ ከግዝቱ ይፍታሽ፤ እኔንም ይፍታኝ።"

እትዬ ግን ከቆመችበት አልሄደችም። የነጠላዋን ጥለት በጣቷ እየጠመዘዘች፣ "የኔታ፣ ስለ እኔስ... ምንም አላለም?" አለች። ለካ ያመጣት ጋኑ አልነበረም።

"ጠይቄው ነበር" አሉ የኔታ። "'ለሚስትህስ?' አልኩት። 'እሷማ ባለቤት አይደለችም እንዴ? የራሷን ቆርሼ ነው የማወርሳት?' አለኝ። ኑዛዜ አይደለም ብዬ ለሰው ሳልናገረው ቀረሁ።"

ይህን ቃል ማብራሪያ ሳይጨምሩበት ነው የነገሯት። እትዬ አጠገቧ ያለ ድንጋይ ላይ ቁጭ አለችና ነጠላዋን እስከ ዓይኗ ሳበች። ብዙ ቆየን። በኋላ ስትነሣ "ዕቃው ሁሉ ከቤቴ ወጣ የኔታ፣ እሱ ግን ዛሬ ገባልኝ" አለቻቸውና እጃቸውን ስማ ቀደመችኝ።

ግራሞፎኑ አሁን እኔ ቤት ነው። ሞላው ከላላ ቆይቷል፣ እትዬም ካረፈች ዘመን ሆኗታል። ሁለቱን ሳስታውስ ከሐዘኔ ምስጋናዬ ይበልጣል፤ ሁለቱም ልጄ ብለውኛልና።

በዚያን ቀን ከየኔታ ዘንድ ስንመለስ እትዬ ከፊቴ ትሄድ ነበር። የግቢውን በር ከፍታ ስትገባ፣ ሳትዞር፣ "አንቺ" አለችኝ። "ምን ይገትርሻል? ግራዋ ቅጠፊና አምጪልኝ። ጋኑ ደርቆ ሊሰነጠቅ ነው።" ሮጥኩ። በዕድሜዬ እንደዚያ ደስ እያለኝ ታዝዤ አላውቅም። ግራዋውን ታቅፌ ስመለስ እትዬ ጥቁር ልብሷን መልሳ ለብሳ፣ ትልቁን ጋን በጎኑ አጋድማ፣ ክንዷን እስከ ትከሻዋ፣ ራሷንም ጭምር ውስጥ ከታ ታጥባለች። የሚታየኝ ጀርባዋ ብቻ ነበር። ድምፅዋ ግን ከጋኑ ሆድ ወፍሮ ይወጣ ነበር፤ ስሙን እየጠራች፣ ያልተለቀሰለትን ለቅሶ ሁሉ ታለቅስለት ነበር። እስክትጨርስ ድረስ ቅጠሉን ይዤ ውጭ ቆየኋት።