የኦቦ ቶሌራ ጉበት

ባለፈው ሳምንት ከዓለም ገና ወደ ሰበታ በሚኒባስ ስሄድ፣ ሬዲዮው ስለ ሰውነት መከላከያ ሴሎች ያወራ ነበር። ከመካከላቸው ሌሎቹን የሚያረጋጉ፣ ጉበትን ከገዛ ሰውነቱ ጥቃት የሚያድኑ አሉ አለ ጋዜጠኛው፣ ገና ትናንት የተገኙ ይመስል። ፈገግ አልኩ። ይህንኑ ነገር በሃያ ሦስት ዓመቴ ለአንድ ሽማግሌ አስረድቻለሁ፤ ዛሬም ድረስ እኮራበታለሁ።

ያኔ አዲስ ነርስ ነበርኩ። ወላጆቼ ከወላይታ መጥተው፣ ሰበታ ፋብሪካ ተቀጥረው ነው ያሳደጉኝ። ጎረቤታችን ኦቦ ቶሌራ የሰፈሩ አስታራቂ ነበሩ፤ እሳቸው ያላበረዱት የድንበር ጠብ አልነበረም። ክረምቱ ሊወጣ ሲል ዓይናቸው ቢጫ ሆነ። ሰፈሩ «የወፍ በሽታ ነው» ብሎ ፈረደ። እኔ አዲስ አበባ ሐኪም ዘንድ ወሰድኳቸው። ሐኪሙ መርምሮ፣ ጉበታቸውን የሚያቆስለው የገዛ መከላከያቸው መሆኑን ነገረን፤ ክኒንም አዘዘ። ለብቻዬ ጠርቶም «ካልወሰዱት ጉበታቸው አይተርፍም፤ በደንብ አስረጃቸው» አለኝ።

ከትምህርት ቤት የወጣሁ ሰሞን ስለነበር አዋቂነቴ አላስቀምጥ ብሎኝ ነበር። «ሰውነትዎ ውስጥ ወታደሮች አሉ፤ ክኒኑ እነሱን ያስተኛል» አልኳቸው። እሺ አሉኝ።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ስጠይቃቸው የዓይናቸው ቢጫ ብሶበታል፤ ክኒኑ ግን አልተነካም። ባለቤታቸው አዴ ጫልቱ ተፍኪ ካለ መድኃኒት አዋቂ ቅጠል ሊያስመጡ ተዘጋጅተዋል።

«ኦቦ፣ ለምን አልወሰዱም?»

«ኢንታላ ኮ፣ ልጄ፣ ጠላት ቤቴ ገብቶ ዘበኛዬን ላስተኛ? አንቺ ብትሆኚ ታደርጊዋለሽ?»

ተናድጄ ወጣሁ። መንገዱ ጭቃ ነው፤ ዳር ዳሩን በቆሎ ይጠበሳል። አንድ ገዝቼ እየጋጥኩ፣ እስከ ቤቴ ድረስ ሰውዬውን በሆዴ ሳማ ሄድኩ። ግትር! በዚያው ይሞቱብኛል ብዬም ፈራሁ።

በማግስቱ ስሄድ፣ እንደዚያ ታመው ዋርካ ሥር ለሽምግልና ወጥተው አገኘኋቸው። በአባታቸው መሬት የተጣሉ ሁለት ወንድማማቾች ዱላ ይዘው ተፋጠዋል። ኦቦ ቶሌራ ዱላ አልነጠቁም፤ ማንንም አልያዙም። የእርቅ ምልክት የሆነውን እርጥብ ሣር በእጃቸው ይዘው በመሀላቸው ቆሙና «በቃ» አሉ። ድምፃቸው ከበሽታው የተነሳ ደክሟል፤ ሁለቱም ግን ሰሟቸው። ዱላዎቹ ወረዱ።

ዳር ቆሜ ሳይ ጥፋቱ የእኔ መሆኑ ገባኝ። ሰዉ ሲበተን አጠገባቸው ተቀመጥኩ።

«ኦቦ፣ ያን ቀን የነገርኩዎትን ይተዉት፤ ተሳስቻለሁ። ጠላት አልገባም። ዘበኞቹ ራሳቸው ናቸው ቤትዎን፣ ጉበትዎን፣ የሚደበድቡት። ሰውነት ውስጥ እንደ እርስዎ ያሉ ሽማግሌዎችም አሉ። አይዋጉም፤ የሚዋጉትን ‹በቃ› ይላሉ። የእርስዎ ሽማግሌዎች ደክመው የሚሰማቸው ጠፋ። ክኒኑ እነሱን ያግዛል፤ ጠቡን ያበርዳል።»

ቀኝ ጎናቸውን ዳበስ አደረጉ።

«እዚህም ውስጥ ጃርሳ አለ? ሽማግሌ?»

«አለ፣ ኦቦ።»

«ታዲያ ይህን ትተሽ ስለ ወታደር ምን አስወራሽ?»

ያን ዕለት ክኒናቸውን ፊቴ ዋጡ፤ ከዚያ ወዲያም አላቋረጡም። በጋው ሲጋመስ ሐኪሙ የደም ውጤታቸውን አይቶ «ጉበታቸው እያገገመ ነው፤ ምን ብለሽ አሳመንሻቸው?» ሲለኝ፣ ኩራቴን የት ላድርገው! አዴ ጫልቱም ጭኮ ሠርተው፣ ቅቤው ገና ሳይረጋ ቤታችን ድረስ ላኩልኝ። ኦቦ ቶሌራ ከዚያ በኋላ ብዙ ዓመት ኖሩ፤ ብዙ ሰውም አስታረቁ።

አሁን ፀጉሬ ሸብቷል። ስለነዚያ ሴሎች ያኔ የማውቀው ጥቂት ነበር፤ ዛሬም የአሁኖቹ ልጆች ይበልጡኛል። ከሁሉ የሚያኮራኝ ተመልሼ ሄጄ «ተሳስቻለሁ» ማለቴ ነው። አብረውኝ የሚሠሩት ወጣት ነርሶች ሕመምተኛ ሲመጣ «ምንዎን አመመዎት?» ብለው ይጀምራሉ። እኔ «ሥራዎ ምንድን ነው?» ብዬ እጀምራለሁ። ይስቁብኛል። ይሳቁ።