ከጥር በፊት ነው

ደብረ ታቦር የመጣሁት ከግራ እጄ ሁለት ጣት ጎድሎ፣ ከጦሩ የተሰናበትኩበትን ወረቀት በደረት ኪሴ ይዤ ነው። ማዕረጌ አሥር አለቃ ነበር። ከተማው ግን በመጣሁ በሳምንቱ አምሳ አለቃ አድርጎ ሾመኝ፤ እኔም አላረምኩም። በአውራጃው አስተዳደር ግቢ ውስጥ ቀድሞ የማዳበሪያ መጋዘን የነበረ አንድ ክፍል አስረከቡኝና «ሙዚየም ነው፣ ኃላፊው አንተ ነህ» አሉኝ። ጋሻ፣ ጦር፣ ቆዳው የተቀደደ ነጋሪት፣ ከጋፋት በኩል የተለቀመ የዛገ ብረት ነበረበት። ከዓመት በኋላም ክፍሉ ማዳበሪያ ማዳበሪያ ይሸት ነበር።

ሥራዬ ለእያንዳንዱ ዕቃ ካርድ መጻፍ ነው። ምን እንደሆነ፣ ከየት እንደመጣ፣ የመቼ ዘመን እንደሆነ። የመቼ እንደሆነ የሚያውቅ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የለም። አለቃዬ ደግሞ ባዶ ቦታ አይወድም፤ «የሆነ ነገር ጣልበት» ይለኛል። እጥልበታለሁ። ተሳስተሃል ብሎ የመጣ ሰው አላየሁም።

ለነገሩ አዲስ አልነበርኩም። ግንባር ሳለሁ የሻምበላችን ጸሐፊ ነበርኩ። አንድ ኮረብታ ለቀን በወረድን ቁጥር የጎደሉትን ሰዎች ስም ጽፌ ወደ ላይ የማስተላልፈው እኔ ነኝ። ማን መቼ እንደወደቀ አይታወቅምና ለሁሉም አንድ ቀን እሰጣቸዋለሁ። የተማረከውም፣ ጠፍቶ ከሌላ ሻምበል የተቀላቀለውም እዚያው ዝርዝር ውስጥ ይገባል። አንዱን ሙት ብዬ ከጻፍኩት ከሦስት ሳምንት በኋላ ራሽኔ ለምን ተቋረጠ ብሎ መጥቶ ተጨቃጭቆኛል። ስሙን መለስኩለት። ያኔ ስቀን ነበር።

ቴምብር መሰብሰብ የጀመርኩት ቆስዬ ሆስፒታል ተኝቼ ነው። ከደብዳቤ ፖስታ ላይ ቴምብሩን ከነወረቀቱ ቆርጬ ለብ ባለ ውሃ እነክራለሁ፣ ሙጫው ሲለቅ በወረንጦ አንሥቼ አደርቃለሁ፣ ደብተር ውስጥ አስገባለሁ። የገጠር ሰው እሾህ የሚያወጣበት ያው ወረንጦ ነው። ሰዎች ምኑ ደስ ይልሃል ይሉኛል። ደስ አይለኝም። እጄ ሥራ ይይዛል፣ ቀኑም ይመሻል። ፖስታ ቤቱ አዲስ ቴምብር ባወጣ ቁጥር ከየትኛው ቀን ጀምሮ እንደሚሸጥ የሚገልጽ ወረቀት ይልክልኝ ነበር። ቀኑን በትክክል የማውቀው ነገር ቢኖር እሱ ብቻ ነው።

የተከራየሁት የአንዲት ባልቴት ቤት ነው። ባላቸው ከሞቱ ቆይተዋል፤ አንድ ልጃቸው ለብሔራዊ ውትድርና ተመልምሎ ሄዷል። ማንበብ ስለማይችሉ የልጁን ደብዳቤ የማነብላቸውም፣ መልሱን የምጽፍላቸውም እኔ ነኝ። ወታደር ደብዳቤውን የሚልከው ወደ አገር በሚሄድ ሰው እጅ ነው። በግንቦት የመጣው ግን በፖስታ ቤት፣ ቴምብር ተለጥፎበት ነበር። ቴምብሩ ላይ ወፍ አለች። ልጁ ደህና መሆኑን፣ ደብዳቤውንም ከተማ ወርዶ ራሱ ቴምብር ገዝቶ እንደሚልከው ይናገርና፣ በሬውን እኔ ሳልመጣ እንዳትሸጪው ይላል። ቀን አልጻፈበትም። አንብቤ ስጨርስ ቴምብሩን እያየሁ መሆኔን አወቁብኝ።

«ውሰዳት እንጂ ወፊቱን። እኔ ደብዳቤውን ነው የምፈልግ» አሉኝ።

ፖስታውን እንዳለ ወሰድኩ። ቴምብሩን አወጣሁ፣ የቀረውን ወረቀት ምድጃ ውስጥ ከተትኩት። የፖስታ ቤቱ ማኅተም ግማሹ ቴምብሩ ላይ፣ ግማሹ ወረቀቱ ላይ ነበር ያረፈው። ለእኔ የደረሰኝ ግማሽ የከተማው ስም ነው። ቀኑ ተቃጠለ።

በሐምሌ የቀበሌው ሊቀ መንበር ከሁለት ሽማግሌ ጋር መርዶ ይዞ መጣ። ወረቀቱ ልጁ የሞተው በጥር ነው ይላል። ሴትዮዋ አላለቀሱም። «በጥር የሞተ ልጅ በግንቦት ይጽፍልኛል?» አሉ። ሊቀ መንበሩ ደብዳቤ መንገድ ላይ ብዙ ወር ሊቆይ እንደሚችል አስረዳቸው። ውሸት አልነበረም፤ ይቆያል። ጎረቤት ድንኳን ልትከል ሲል ከለከሉ። ጥቁር አልለበሱም፣ ጸጉራቸውን አልተላጩም። ደግሞም አይበሉም፣ ከሰው አይጫወቱም። ሰፈሩ ልቧ ደንድኗል ብሎ ያማቸው ጀመር።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ሙዚየሙ ድረስ መጡ። እግራቸው እዚያ ረግጦ አያውቅም። ጋሻዎቹን አንድ በአንድ አዩና «ይሄ ሁሉ የሞተ ሰው ዕቃ ነው?» አሉኝ።

«አዎ እማማ። ይቀመጡ።»

አልተቀመጡም። «እንግዲህ አምሳ አለቃ፣ አንተ የቴምብር ነገር ታውቃለህ ይላሉ። ያቺ ወፍ የመቼ ናት? ከጥር በኋላ ናት ካልከኝ እጠብቀዋለሁ። ከጥር በፊት ናት ካልከኝ አልቅሼ ይወጣልኛል። መሐል ላይ መቆሙ ግን ደከመኝ።»

ደብተሩ መሳቢያዬ ውስጥ ነበር። ማውጣት አላስፈለገኝም። ያቺ ወፍ ለሽያጭ የወጣችው በመጋቢት ነው። በጥር አገር ላይ አልነበረችም። ልጁ ሞተ ከተባለ በኋላ ቢያንስ አንድ ወር በሕይወት ነበር ማለት ነው። የሆነ ጸሐፊ ባዶ ቦታ ላይ ጥር ብሎ ጽፎበታል። ከዚያ በኋላ ሞቶ ይሆናል፤ ራሽኔ የት አለ እያለ የሚጨቃጨቅ ሕያው ሰውም ይሆናል። ይህን ሁሉ አውቃለሁ።

«ከጥር በፊት ነው፣ እማማ» አልኳቸው።

ለምን እንዳልኩት ብዙ ጊዜ ራሴን ጠይቄአለሁ። እንዲያርፉ ብዬ ነው ማለት ያምረኛል። እውነቱ ግን ሌላ ነው። መጋቢት ብላቸው በነጋታው ሌላ ጥያቄ ይመጣል፤ ዝርዝሩ እንዴት እንደሚሠራ፣ ማን እንደሚሠራው ማስረዳት ይኖርብኛል። ከዚያም በየቀኑ በር በሩን ከሚያዩ እናት ጋር አንድ ግቢ መኖር ነው። ይህን መሸከም አልፈለግሁም። ዝም እንዲሉልኝ ፈለግሁ።

ወለሉ ላይ ቁጭ ብለው አለቀሱ። እኔ ወንበሬ ላይ ነበርኩ። የሚሰማኝ ነገር አልነበረም፤ ብቻ ሰው ገብቶ እንዳያየን አስብ ነበር።

ከዚያ ወዲያ ጥቁር ለበሱ፣ መብላት ጀመሩ፣ ከሰውም ተጫወቱ። ሰፈሩ መልሶ ወደዳቸው። ጥር ሲመጣ ሙት ዓመቱን አወጡ። በሬውን አሳረዱት። ካህናቱ ፍትሐት አድርሰው ሲቀመጡ ሴትዮዋ ለእኔ በእጃቸው አቀረቡልኝና «ያሳረፍከኝ አንተ ነህ፣ እግዜር ያሳርፍህ» አሉኝ። በላሁ። ወጡ ማለፊያ ነበር፣ አስጨመርኩ።

ሌላ ዓመት አለፈ። ከዚያ የተማረኩ ወታደሮች መለቀቅ ጀመሩ። ከነፋስ መውጫ በገሳይ አድርገው በእግራቸው ይመጡ ነበር፤ አንዳንዱ ጫማ የለው፣ አንዳንዱ እግሩን በጨርቅ ጠቅልሏል። መንገዱ በሙዚየሙ በር ያልፋል። የከተማው እናቶች ቆሎና ውሃ ይዘው ከጠዋት ጀምሮ ዳር ዳሩን ይሰለፋሉ። ያለፈውን ሁሉ እጁን ይዘው «የኔን ልጅ አላየኸውም?» ይላሉ፤ ስም ይጠራሉ፣ መልኩን ይናገራሉ፣ አንዳንዷ ፎቶ ታሳያለች።

የእኔዋም ሴትዮ ይመጡ ነበር። በሰፌድ ቆሎ ይዘው፣ በየእጁ እየዘገኑ «አይዞህ ልጄ» ይላሉ። ማንንም ግን አይጠይቁም። ከዚያ ሁሉ እናት የማይጠይቁት እሳቸው ብቻ ነበሩ።

እኔ በሩ ላይ ቆሜ አያለሁ። መልስ ስጽፍ አድራሻውን ደጋግሜ ስለጻፍኩት የልጁን የጦር ክፍል ቁጥር በቃሌ አውቀዋለሁ። ከእነዚያ ሰዎች ውስጥ የዚያ ክፍል ሰው ማግኘት ለእኔ ከባድ አልነበረም፤ ወታደር ወታደርን መጠየቅ ያውቃል። አንድ ሁለት ቃል ነው። ለዘጠኝ ቀን ቆምኩ፣ አንዱንም አልጠየቅሁም። ከፊት የሚመጣው ረዘም ያለ፣ ቀጠን ያለ ልጅ በሆነ ቁጥር እሱ እንዳይሆን እጸልይ ነበር። ከግንባር ከወጣሁ ወዲህ የጸለይኩት ያን ጊዜ ብቻ ነው።