ፊት ወደ ግድግዳ

አስኮ እንጨት የሚነግድ የአባቴ ዘመድ እሑድ መጥቶ ውሻችንን ሊወስደው ነበር። ውሻው ክፉ ሆኖ አይደለም፤ ፍቅሩ በዝቶ ነው። ሰው ሲያይ በኋላ እግሮቹ ቆሞ ፊት ካልላሰ አያርፍም። ከሰው ሁሉ አብልጦ የሚወደው ደግሞ ኮልፌ በአንድ ግቢ አብረውን የተከራዩትን ሙስሊም ጎረቤታችንን ነበር።

እትዬ ነበር የምላቸው። ግቢው ጥግ በኩስኩስት ታጥበው፣ ሻሻቸውን አስተካክለው ለሶላት ወደ ክፍላቸው ሲያቋርጡ ውሻው ከየት መጣ ሳይባል ይደርስባቸዋል። አንዴ ከላሳቸው ደግሞ በሃይማኖታቸው ሥርዓት የላሰው ቦታ በአፈር ጭምር ተደጋግሞ መታጠብ አለበት። ውሃውን ከቦኖ በእንስራ የማመጣው እኔ ነኝ። እትዬ ግን፣ “ያረቢ፣ ምን አድርጌው ነው እንዲህ የሚወደኝ?” ይላሉ እንጂ ተቆጥተው አያውቁም። አባቴን ያሳፈረው ይኸው አለመቆጣታቸው ነው።

አባቴ ልብስ ሰፊ ነው። መጀመሪያ በሜትሩ ሾጥ አደረገው፤ ውሻው ጨዋታ መስሎት ሜትሩን ነጥቆ ሮጠ። ቀጥሎ የገጠር ዘዴ ነው ብሎ፣ እንዳይዘል አንገቱ ላይ ወፍራም እንጨት አንጠለጠለበት። ውሻው ከነእንጨቱ ዘለለና እንጨቱ የእትዬን ቅልጥም አገኘ። ያን ቀን ነው አባቴ መጥቶ እንዲወስደው አስኮ ለዘመዱ መልእክት የላከው።

እኔ ከአራተኛ ክፍል በኋላ ቤት ውዬ ሰው መሸሽ ብሶብኝ ነበር። እንግዳ ሲመጣ ነጠላዬን አፌ ላይ አድርጌ ወደ ግድግዳ እዞራለሁ። አንድ ቀን ውሻው እላዬ ላይ እየዘለለ ሳለ የወፍጮ ቤቱ ወጣት ሱሪ ሊያስጠብብ ገባ። እንደ ልማዴ ዞርኩ። ዝላዩ ቆመ። በነጠላዬ ጠርዝ አጮልቄ ሳይ ውሻው ቁጭ ብሎ ይጠብቀኛል። ወጣቱ ሲሄድ ፊቴን መለስኩለት፤ ዘለለ። ዞርኩ፤ ተቀመጠ። የሚፈልገው እንድናየው ነበር ለካ። ሳቄ አፈነኝ።

ለእናቴ በጆሮዋ ነገርኳት፣ እሷ ለአባቴ። አባቴ እስኪያስለው ሳቀና እስከ እሑድ ሞክሪ አለኝ።

ውሻውን በረጅም ገመድ ግቢው ውስጥ ካለው ጥድ ላይ አሰርኩት። እትዬ ገመዱ ከማይደርስበት ቆሙ። ሲዘል ይዞራሉ፤ ሲቀመጥ ተመልሰው ደረቅ ዳቦ ይወረውሩለታል። ውሻው ቶሎ ገባው። ያስቸገሩኝ እትዬ ናቸው። ዞረው ሳቃቸውን ሲውጡ ትከሻቸው ይንቀጠቀጣል፤ ውሻው ያን አይቶ ይነሣል። በዚህ ዕድሜዬ ሙሽራ አደረግሽኝ ይሉኛል። አባቴም ውሻው ብቅ ሲል ደንበኞቹን ትከሻቸውን ይዞ ወደ ግድግዳ ማዞር ጀመረ። አንድ ሽማግሌ ጀርባቸው የሚለካ መስሏቸው እጃቸውን ዘርግተው ብዙ ቆዩ።

እሑድ የአስኮው ሰው ውሻውን የሚወስድበትን ገመድ ጠቅልሎ ይዞ በረንዳችን ላይ ሻይ ይጠጣል። እትዬ ታጥበው ብድግ አሉ።

“ዙር” አለው አባቴ።

“ወዴት?”

“ወደ ግድግዳው ነዋ።”

ሰውየው ብርጭቆውን እንደያዘ ዞረ። አባቴና እናቴም ዞሩ። እኔም ዞሬ በነጠላዬ ጠርዝ አጮለቅሁ። ውሻው ከአጥሩ ሥር ተፈትልኮ መጣ። አንዱን ጀርባ ያያል፣ ሌላውን ጀርባ ያያል። እትዬ ጋ ሲደርስ ፊታቸውን አዙረው ቀጥ አሉ። ውሻው ጅራቱን በአቧራው ላይ እየጠረገ ቁጭ አለ። እትዬም እንቁላል የተሸከሙ ይመስል ቀስ እያሉ ሄደው በራቸውን ዘጉ።

“አሁን መዞር ይቻላል?” አለ ዘመዳችን ግድግዳውን።

“እሷን ጠይቃት” አለ አባቴ።

የሚያየኝ ሰው ስላልነበረ ድምፄ እንደ ልቡ ወጣ።

“እትዬ ሰግደው እስኪወጡ እዚያው ቆዩ” አልኩ።

ቆሙ። ሻዩ ሰውየው እጅ ላይ በረደ። እትዬ ወጥተው ሦስት ትልልቅ ሰዎች ግድግዳ ላይ ተለጥፈው ሲያዩ ደጃፋቸው ላይ ቁጭ ብለው እንባ እስኪያወጡ ሳቁ።

“ወላሂ፣ ይኼ ውሻ አስኮ አይሄድም” አሉ።

ውሻው ሳቃቸውን ሰምቶ ተነሣ።

“እትዬ፣ ይዙሩ” አልኩ ጮክ ብዬ።

እየሳቁ ዞሩ።