ኪስ ያለው ድሪቶ

በእኛ ሰፈር ድሪቶ ገበና ነው። ከእራፊና ከቁራጭ ጨርቅ የተጠቀመ፣ ማለት ተደራርቦ በእጅ የተሰፋ፣ ብርድ ልብስ የሚለብስ ሰው ደኸየ ይባላል፤ ስለዚህ በየቤቱ አለ፣ ሲጠየቅ ግን ማንም የለውም። እንግዳ ሲመጣ አልጋው ላይ የሱቅ ብርድ ልብስ ይዘረጋል። እንግዳው ሲሄድ ድሪቶው ከተደበቀበት ይወጣል፣ የሱቁ አያሞቅማ! ይህን ጉዳችንን እያወቅሁ ነው እንግዲህ የሰፈሩ ቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ እኔ፣ «የእናቶቻችን ሙያ ሳይጠፋ ፎቶ እናንሳው፣ ታሪኩንም በድምፅ እንቅረጸው» ብዬ በየበሩ የዞርኩት። አንዷማ «የኔን ድህነት ልትለጥፊው ነው?» ብላ በሩን ፊቴ ላይ ዘጋችው።

ያልዘጉብኝ እማማ ድሪቶ ብቻ ነበሩ። ስሙን ያወጣላቸው ሰፈሩ ነው፣ ለማብሸቅ፤ እሳቸው ግን ሲጠሩበት «አቤት» ይላሉ፣ ስድቡም እዚያው ይሞታል።

«ግቢ፣ ግቢ» አሉኝ። «ባሌ ጥሎኝ ሲሄድ ሱሪውን ረስቶ ነው የሄደው። እድሜ ለሱሪው፣ ከባለቤቱ የበለጠ አሙቆኛል። እሱንም ፎቶ አንሺው።»

ቤታቸው አንድ ክፍል ናት፤ ከፊት የልጃቸው የስፌት መኪና፣ ከኋላ አልጋው፣ መሐል ላይ መጋረጃ። እሳቸው ዕድሜያቸውን የፈጁት ልብስ ሰፊ ቤት ተቀጥረው የሰው ሱሪ እግር ሲያጥፉ ነው። የተጣለውን ቁራጭ በዘንቢል ይዘው እየገቡ፣ የቤተሰቡን ያረጀ ልብስ እየጨመሩበት ያቺን ድሪቶ ጠቀሟት። ስትሳሳ ይደርቡባታል፣ ስትቀደድ ይጥፏታል። እኔ ስደርስባቸው ዓይናቸው ደክሞ ብርሃንና ጨለማ ብቻ ነበር የሚለዩት። ድሪቶዋን ግን በጣታቸው ያነቧታል። «ይሄ የእናቴ ቀሚስ። ይሄ የዚያ ከሃዲ ሱሪ። ይሄ የልጄ የመጀመሪያ ዩኒፎርም።»

ከራስጌ በኩል፣ ጥጉ ላይ፣ አንድ ሰማያዊ እራፊ ነበር፣ ከነኪሱ። ሙያ ያለው ሰው ኪስ ሳይፈታ ድሪቶ ላይ አይሰፋም፣ ይጎረብጣል። እሳቸው ይህን አጥተውት አይደለም። እጃቸውን ኪሱ ውስጥ ከተቱና ልጃቸው ክር ልትገዛ መውጣቷን ጠየቁኝ። ወጥታለች አልኳቸው።

«ወንድ ልጅ ነበረኝ» አሉ። «የበኩር ልጄ። ሕንፃ ላይ ሲሠራ ወድቆ ቀረ። ፎቶ እንኳ የለውም፤ ደመወዝ ስቀበል እነሳለሁ እያለ። ያን ቀን ይሄ ሸሚዙ ታጥቦ ገመድ ላይ ነበር። እጄን እዚህ ካላስገባሁ እንቅልፍ አይወስደኝም።»

«ልጅዎ ታውቃለች?»

«ያኔ ገና ዳዴ ትል ነበር። ወንድም እንደነበራት ታውቃለች፣ ስለ ኪሱ ግን ነግሬያት አላውቅም። ሐዘኔን ከጡቴ ጋር ላጠባት? አሁን ግን አርጅቻለሁ። ያንን መቅረጫሽን ይዘሽ ስትመጪ እሷም አጠገቤ ቁጭ ትበልና ሁለታችሁም ትሰሙኛላችሁ። ኪሱን ፎቶ ታነሺልኛለሽ። እኔ ከሞትኩ ይሄን ልጅ አውቀው ነበር የሚል ሰው የለም።»

እሺ አልኩ። ለልጅቷም ቀጠሮውን ብቻ ነገርኳት።

ልጅቷ የእናቷ ልጅ ናት፤ እጇ ወርቅ፣ ምላሷ ፈጣን፣ እናቷን ለማስከበር የማትሆነው የለም። ግን የሰፈራችንም ልጅ ናት። እናቴ ሰው ፊት በእራፊ ልትታይ ነው? ብላ በሆዷ ስትብሰለሰል ሰንብታለች ለካ። የቀጠሮው ዕለት ስገባ አልጋው ያብረቀርቃል። ድሪቶዋ ሮዝ ሳቲን ለብሳለች፣ ዳር ዳሯ በመኪና ተሰፍቶ፣ ከሥር አዲስ ገበር ገብቶላት። ክው አልኩ።

«እንዴት ነው እትዬ? ከማለዳ ጀምሬ ስሰፋት ውዬ ሙሽራ አላስመሰልኳትም?» አለችኝ ፊቷ በርቶ።

እማማ ድሪቶ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጠው ሳቲኑን ዳበሱት። «ልስልስ ብሏል» አሉ። መቅረጫውን ከፈትኩ። ከግርጌ ጀመሩ። ሳቲኑን እየተጫኑ፣ ከሥር ያለውን ስፌት በጣታቸው እየተከተሉ፣ ቁራጮቹን አንድ በአንድ ይጠሩ ጀመር። የእናታቸውን ቀሚስ አገኙት። የባላቸው ሱሪ ጋ ሲደርሱ ያንን ቀልዳቸውን ደገሙት፣ ልጅቷ ከት ብላ ሳቀች። እኔም ሳቅሁ፤ ተመስገን፣ ሁሉም ከሥር አለ ብዬ። እጃቸው ወደ ራስጌ ወጣ፣ ጥጉ ጋ ደረሰ። ተጫኑት። ደግመው ተጫኑት።

«እዚህ ጋ የሚጎረብጥ ነገር ነበረ…»

«ኪሱን ነው እማዬ? እሱ እያለ ሳቲኑ አልተኛ ቢለኝ በመቀስ ቆርጬ ጣልኩት፣ በቦታው ንጹህ ጨርቅ ጣፍኩበት። ይሄን ሁሉ ዘመን እንዴት ተኝተሽበት ኖርሽ? ሙያሽን ሰው እንዳይሰድብብሽ ብዬ እኮ ነው።»

«የት ጣልሽው?»

«ከቁርጥራጩ ጋር ነዋ። ረፋድ ላይ የቆሻሻ መኪና ወሰደው።»

እጃቸው እዚያው ቀረ። እኔ መቅረጫውን እንደያዝኩ ነው፤ ልዝጋው ወይስ ልተወው አላውቅም። ፊታቸውን ወደ ልጃቸው ድምፅ አዞሩ። አሁን ስለ ኪሱ ቢናገሩ ወንድ ልጃቸው ነበረ ተብሎ ይቀመጣል፤ ይህቺ ግን የወንድሟን የመጨረሻ ነገር በገዛ መቀሷ ቆርጣ እንደጣለች እያወቀች ትኖራለች። ሁለቱንም የወለዱት እሳቸው ናቸው። ማን ይምከራቸው?

«ደግ አደረግሽ» አሉ በመጨረሻ። «እጅሽ ይባረክ። እውነትሽን ነው፣ ይጎረብጥ ነበር።»

«የማን ነበር ግን እሱ?»

«የማንም። ልብስ ሰፊው ቤት የተጣለ ቁራጭ ነው።»

እንባዬ መጣ፤ ካሜራ የማስተካክል መስዬ ጀርባዬን ሰጠኋቸው። «እማማ…» ብዬ አንድ ነገር ልል ስል «አንቺ፣ ፎቶሽን አንሺና ሥራሽን ጨርሺ» ብለው አቋረጡኝ። ሮዙን ሳቲን አነሳሁት። ምን ላድርግ፣ ሆድ ይፍጀው ብዬ ወጣሁ።

ከዚያ ወዲህ ብዙም አልቆዩም። ሲሞቱ ሰፈሩ እርጅና ነው አለ። በሕይወት ሳሉ ልጅቷ በመንገድ ስታገኘኝ «እናቴ ሌሊቱን ሳቲኑን ስትዳብስ ነው የምታድረው፣ ልስላሴውን ወዳዋለች መሰለኝ» ትለኝ ነበር፣ ደስ ብሏት። አንጀቴን በላችው።

አሁን ናፍቆቱ ሲጠናባት ቤተ መጻሕፍቱ ትመጣና የእናቷን ድምፅ ክፈቺልኝ ትለኛለች። ማዳመጫውን ጆሮዋ ላይ አድርጋ ትቀመጣለች። ሱሪው ጋ ሲደርስ ትስቃለች። ከዚያ ያ ቦታ ይመጣል።

«እትዬ፣ እዚህ ጋ ለምንድን ነው ይሄን ያህል ዝም ያለችው?»

«ደክሟቸው ነበር» እላታለሁ።