ዓለም ገና ጎሚስታ ቤት የተጠገነ ካይት

ሥራ የጀመርኩ ዕለት ኦቦ ደበላ የሰጡኝ ውኃ ነው። ዓለም ገና ላይ፣ ከጅማ መንገድ ዳር፣ ጎማ የሚጠገንበት ጎሚስታ ቤት ነበራቸው። ግማሽ በርሜል ውኃ አሳዩኝና «ከዚህ እንዳትነሣ» አሉኝ። የተነፋ ከመነዳሪ፣ የጎማው የውስጥ ላስቲክ፣ ውኃው ውስጥ ይነከራል። አረፋ የወጣበት ቦታ ላይ ጣቴን አድርጌ፣ መጥተው እስኪያዩት እጠብቃለሁ።

«አረፋ ካልወጣስ?» አልኳቸው።

«ካልወጣ ሹፌሩ ዋሽቷል» አሉ።

በእኛም ሥራ ማዕረግ አለ። መጀመሪያ ውኃ ያዥ ነህ። ቀጥሎ ጎማውን ከቸርኬው በብረት ትፈለቅቃለህ። ከዚያ ለጣፊ ትሆናለህ፤ ከመነዳሪውን በሞረድ ትፍቃለህ፣ ማስቲሽ ትቀባለህ፣ ጠፈፍ እስኪል ትጠብቃለህ፣ ትለጥፋለህ። ከሁሉ በላይ ያለው ነፋስ የሚሞላውን ኮምፕሬሰር የሚይዘው ነው። እሱን የሚነኩት ኦቦ ደበላ ብቻ ነበሩ። እርጅና ሲጫናቸው ቤቱንም ኮምፕሬሰሩንም ለእኔ ተዉልኝ።

ከቀዳዳ ይልቅ የሚያስቸግረው ቫልቮላ ነው፤ ነፋስ የሚገባበት አፉ ማለቴ ነው። ቀዳዳ ከተደፈነ ተደፈነ። ቫልቮላ ግን መከፈትም መዘጋትም አለበት። ሰውም እንደዚያ ነው ይሉ ነበር ኦቦ ደበላ። እኔ ስለ ሰው አላውቅም።

ሐጂ ኑሩ ሰበታ ላይ ጨርቅ ይሸጣሉ፤ የቆየ ወዳጄ ናቸው። ልጃቸው ከድር ሱቅ ገብቶ ሜትር እንዲይዝላቸው ይፈልጉ ነበር። ከድር ግን ላንጋኖ ወርዶ ፈረንጆች ውኃ ላይ የሚጎተቱበትን ካይት የመንፋትና የማጠፍ ሥራ አገኘ። ቆይቶ ራሱም መጎተት ጀመረ። አንድ ቀን በቡታጅራ መንገድ፣ ትልቅ ሻንጣ ተሸክሞ መጣ።

«ጋሼ በቀለ፣ ይቺን ያዩልኛል?»

«ምንድን ናት?»

«ካይት ናት።»

«ጎማዋ የት አለ?»

ግቢው ውስጥ ዘረጋት። ከሚኒባስ ትረዝማለች። ሰፊ ጨርቅ ናት፤ በጠርዟ ውስጥ ከኛው የሚሳሳ የላስቲክ ከመነዳሪ ገብቷል። ሲነፋ ክንፍ ይሆናል። ነፋስ ያነሣትና ጣውላ ላይ የቆመውን ሰው በገመድ ትጎትተዋለች። መሃል ላይ ቫልቮላው ከተነቀለ ክንፉ እርጥብ ጨርቅ ይሆናል፤ ሰውየውም ሐይቁ መሃል ይቀራል።

ቫልቮላውን አየሁት። እግሩ ከላስቲኩ ለቋል። ዙሪያውን ነጭ ቅርፊት ደርቆበታል።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ሱፐር ግሉ።»

«ማን ቀባው?»

«እኔው ነኝ።»

«ይዞ ነበር?»

«እስከ መሃል ድረስ ይዞ ነበር» አለ።

ከመሃል እንዴት እንደወጣ አልጠየቅኩትም። ፈረንጆቹ የሰጡትን የላስቲክ ሙጫ አስረከበኝና፣ ሲያልቅ መጥቶ እንደሚወስድ ነግሮኝ ወደ ላንጋኖ ተመለሰ።

በማግስቱ ሐጂ ወሬውን ሰምተው መጡ። አሮጌ ጎማ ላይ ተቀመጡና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«በቀለ፣ አልሆነም በለው።»

«ምኑን ሐጂ?»

«ያንን ክንፍ። አይጠገንም በለው። አንተን ይሰማል።»

«ይጠገናል እኮ።»

«እሱን እኔና አንተ እንወቀው። ያለኝ ወንድ ልጅ እሱ ነው። ወንድሜን ውኃ ወስዶብኛል፤ ያውም ሐይቅ አልነበረም፣ ጅረት ነው።»

ይሄንን ከዚያ በፊት አልነገሩኝም ነበር። እሺ ለማለት ትንሽ ቀረኝ።

«አልሆነም ብለው ምን የሚያደርግ ይመስልዎታል?» አልኳቸው።

«ሱቅ ይገባላ።»

ቫልቮላውን አንሥቼ ነጩን ቅርፊት አሳየኋቸው። «ሱቅስ ይገባል። ሱፐር ግሉ ሊገዛ» አልኩ።

ቅርፊቱን በጥፍራቸው ነካ አደረጉት። ብትን አለና ጭናቸው ላይ ወደቀ።

«በዚህ ነው ውኃ ላይ የወጣው?»

«በዚሁ ነው።»

ተነሥተው ልብሳቸውን አራገፉ። «ጠበቅ አድርገህ ሥራው» አሉና ሄዱ።

የማስተር ፕላኑ ነገር የጋለው በዚያው ሰሞን ነው። ዋና ከተማው ሊሰፋ ነው፣ የገበሬው መሬት ሊሄድ ነው ተባለ። ሰበታም ቡራዩም ሱሉልታም ወሬው ያው ነበር። ወጣቱ ለተቃውሞ ወጣ፣ ሱቅ ተዘጋ፣ ሚኒባስ ቆመ፣ መንገዱ ላይ ድንጋይ ተደረደረ። ልጆች ሞተዋል። ስለዚህ ያን ጊዜ ያሳቀንን ነገር ሳወራ ቀስ ብዬ ነው።

ወጣቶች ወደ እኔ መጡ። ጎማ ያለው ጎሚስታ ጋ ነው።

«ኦቦ በቀለ፣ አካም ጅርቱ? አሮጌ ጎማ ፈልገን ነው» አለኝ አንዱ።

«የማይሆነው በዚያ በኩል ነው» አልኩ። ብልም ባልልም ይወስዱታል።

አንዱ ደህናውን ማንከባለል ጀመረ። «ያ የሰው ነው፣ ሊጠገን የመጣ ነው» አልኩት። ይቅርታ ጠይቆ መለሰና ሌላ ወሰደ። ጎማው ነድዶ ጥቁር ጭሱ መንገዱ ላይ ሲወጣ የማን ጎማ እንደሆነ በጠረኑ ለማወቅ ሞከርኩ። አይታወቅም።

ሐጂ ሱቃቸው ስለተዘጋ ከሰበታ በእግራቸው እየመጡ ከእኔ ጋር መዋል ጀመሩ። እኔም ሥራዬን ያዝኩ። መጀመሪያ ማስቲሻችንን ከላስቲኩ ትርፍ ጠርዝ ላይ ሞከርኩት። እንደተቃጠለ ቆዳ ተጨማደደ። ስለዚህ ማስቲሽ ቀረ፣ የፈረንጆቹ ሙጫ ተያዘ። ግን ሙጫ ቅባት ላይ አይዝም፤ ላስቲኩ በአልኮል መጠረግ አለበት። ፋርማሲው ተዘግቷል። ያለው የጎረቤቴ የጫልቱ አረቄ ነው።

ጨርቅ አረቄ ውስጥ ነክሬ ስጠርግ ላስቲኩ ይሸሸኛል። ወጥሮ የሚይዝልኝ ሰው ያስፈልጋል። ግቢው ውስጥ ያሉት ሐጂ ናቸው።

«ለአፍ አይደለም ሐጂ፣ ለላስቲክ ነው።»

«አላህ ያውቃል» አሉ። «የሰበታ ሰው ግን አያውቅም።»

እጅጌያቸውን ሰብስበው ያዙልኝ። ጨርቅ ወጥሮ መያዝ የዕድሜ ልክ ሥራቸው ስለሆነ አንዲትም መጨማደድ አልቀረችም። ሙጫውን አሳስቼ ቀባሁ፣ ቫልቮላውን አስቀመጥኩ፣ በላዩ ጣውላ አጋደምኩ፣ በጣውላው ላይ የአይሱዙ ጎማ ከነቸርኬው ጫንኩ። ሐጂ እጃቸውን በሳሙና ደጋግመው ታጠቡና፣ ሲሄዱ በዋናው መንገድ ሳይሆን በጓሮ ዞሩ።

ሙጫው ሲደርቅ ካይቱን ነፋነው። ኮምፕሬሰር ይበጥሰዋል፤ በእጅ ፓምፕ ነው፣ እየተፈራረቅን። ክንፉ ቀጥ ብሎ ሲቆም ከአጥሩ በላይ ወጣ። ቀይ ነው። ብዙም ሳይቆይ ወታደሮች ገቡ።

«ይሄ ምንድን ነው?» አለ አለቃቸው።

«የልጄ ነው» አሉ ሐጂ።

«ምን ያደርጋል?»

«ሰው ውኃ ላይ ይጎትታል» አልኩ።

ግቢውን አየ፣ በርሜሌን አየ። «እዚህ አገር ውኃ የት አለ?»

«የለም» አሉ ሐጂ። «እኔም ልጄን ስነግረው የነበረው ይሄንኑ ነው።»

አለቃው ክንፉን ዞሮ ዞሮ አየው። ሐጂ ቫልቮላው ላይ የሳሙና አረፋ ቀብተው፣ ወታደር ግቢ ውስጥ ያለ ሳይመስላቸው፣ ዓይናቸውን ተክለው ቀርተዋል። አለቃውም ጎንበስ ብሎ አብሯቸው አየ።

«ያፈሳል?» አለ።

«እስካሁን አላፈሰሰም» አሉ ሐጂ።

«አስተንፍሱት። ከሩቅ ይታያል» ብሎ ወጣ።

አስተነፈስነው። አመሻሽ ላይ ቤት ውስጥ ግማሹን ነፋነው፤ ጠዋት እንደነበረ አገኘነው።

መንገዱ ሲከፈት ከድር መጣ። ሐጂ ሻንጣውን አልሰጡትም። ተሸክመውት ሚኒባሱ ውስጥ ገቡና ጭናቸው ላይ አስቀመጡት።

«አባባ፣ የት ነው?» አለ ከድር።

«ላንጋኖ።»

«ምን ሊሠሩ?»

«ልቀመጥ።»

ሲመለሱ በቀጥታ ወደ እኔ መጡ። ሐይቁ ዳር እንደተቀመጡ ልጁ እስኪያንስ ድረስ ርቆ፣ ዞሮ እንደተመለሰ ነገሩኝ። ደጋግሞ ነው ያደረገው። እሳቸው ግን ያዩት ክንፉን እንጂ ልጁን እንዳልሆነ ነገሩኝ።

«እንዴት ነበር ታዲያ?» አልኳቸው።

«አልወደድኩትም» አሉ። «ቫልቮላው ግን ያዘ።»

ከዚያ ወዲህ የላንጋኖ ካይቶች ሲበላሹ ወደ ዓለም ገና ይመጣሉ። ሙጫውን እኔ እቀባለሁ። ላስቲኩን የሚወጥሩት ሐጂ ናቸው፤ አልኮሉን አሁን ከፋርማሲ ያመጣሉ። የከድር ካይት ሲሆን አረፋውን ማንንም አያስነኩም፤ እኔንም ጭምር። ልጁ ሱቅ አልገባም። እሳቸውም ውኃ አልወደዱም።

ጎማ ለምትጠግኑ ልጆች የምነግራችሁ ይህንን ነው። ሰው መጠቀሙን የማይተወውን ዕቃ አልሆነም ብላችሁ አትመልሱት። ደህና አድርጋችሁ ጠግኑት።